የአያቴ የጁገል ቤት ግድግዳ እያበጠ ይረግፋል፤ ሲሚንቶውን ላስነሳው ወይስ ልድገመው?

የጌይ ልጅ | ሚያዝያ 4

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ሐረር፣ ጁገል በሚባለው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ውስጥ የአያቴ ቤት አለ። አያቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን አክስቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖርበታለች። እኔ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው። ወንድሜ ቶሮንቶ ነው፤ ለእድሳት ገንዘብ የሚልከውም እሱ ነው።

ቤቱ ጌ ጋር ነው። ለማታውቁት፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው። ግቢውን አልፋችሁ በሩን ስትገቡ ግድር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል ይቀበላችኋል። ወለሉ ደረጃ ደረጃ አለው። ደረጃዎቹ ነደባ ይባላሉ፤ ሰው የሚቀመጥባቸው መደቦች ናቸው። አምስት ናቸው፤ ሁሉም የየራሱ ስምና የየራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ የክብሩ ቦታ ነው። ግድግዳው ውስጥ ጣቄት የሚባሉ መደርደሪያዎች ተቦርቡረዋል። ሳህኑና መጽሐፉ እዚያ ይቀመጣል፤ ከበላዩ ስፌቱ ይሰቀላል። በአንድ በኩል ክርታት አለች፣ ሙሽሮች የሚገቡባት ትንሽ ክፍል። አያቴ ሙሽራ ሆና የገባችው እዚያችው ውስጥ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አንድ ኮንትራክተር አምጥተን ቤቱን ውስጡንም ውጭውንም በሲሚንቶ አስለሰንነው። በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። ሁለት ዓመት ያህል አዲስ መስሎ ቆየ። ከዚያ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ማበጥ ጀመረ። ቀለሙ ይላጣል። ነጭ ጨው ይወጣል። ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ያሰማል። ባለፈው ወር የአሚር ነደባው ጠርዝ ከነልስኑ ወደቀ። ክርታቷ ውስጥ የሻጋታ ሽታ አለ፣ አክስቴ ደግሞ አስም አለባት።

ሁለት ሰዎች አሳየሁ። አንዱ የፊት ግድግዳውን አፍርሰን በብሎኬትና በፌሮ እንሥራው አለ። ሌላው የዕድሜ ባለጸጋ ግንበኛ ናቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ይህ ቤት ታፍኗል» ብለው ሄዱ። ሲሚንቶ አልጨምርም አሉ። ወንድሜ በመጀመሪያው ሐሳብ ተስማምቷል። እኔ ግን የሽማግሌው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። የምታውቁ ንገሩኝ።


ግንበኛ ዘጎንደር | ሚያዝያ 4

እህቴ፣ ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

26 ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ኖሬአለሁ። ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ያወጣዋል። ክረምት ይርሳል፣ በጋ ይደርቃል። ስንት መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ነው። ሲሚንቶ ስትለስኑበት መውጫውን ዘጋችሁበት። ውሃው ግን መግባቱን አይተውም። ከመሬት ይመጣል፣ በስንጥቅ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወገብሽ ጋ የደረሰው ለዚህ ነው።

ነጩ ነገር ውሃው ከአፈሩ ተሸክሞት የመጣ ጨው ነው። ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ልስኑንም ይገፋዋል። ይህ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ይለሰልሳል። ጭቃው ሲለሰልስ ድንጋዩ ይላላል። ከውጭ ጠንካራ መስሎ ከውስጥ ያለቀ ግድግዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛም ጋ በፋሲል ግቢ ታሪኩ ይታወቃል። ግንቦቹ የተገነቡት በኖራ ነው። ጣልያን በያዘን ጊዜ ጥገናውን በሲሚንቶ ሠራው። በኖራ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ምን እንደሚያደርግ እኛ የተማርነው ከዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ነገ ዲጂኖ ይዘሽ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳታስረግፊ። ጭቃው ካለቀ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ያ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚነሣው፣ ድጋፍ እየተደረገለት።


የቶሮንቶው ወንድም | ሚያዝያ 5

ወንድሟ ነኝ። ሊንኩን ላከችልኝ፣ ስለዚህ የኔንም ስሙኝ።

ያንን ቤት ከእሷ ያላነሰ እወደዋለሁ። አሚር ነደባው ላይ ተኝቼ ነው ቁርዓን የቀራሁት። ግን አክስታችን 61 ዓመቷ ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በዝናብ ግቢውን ታቋርጣለች። ልጆቿ የሚያጠኑበት በቂ ብርሃን የለም። የምልከው ገንዘብ በትርፍ ሰዓት ሥራ የተገኘ ነው፤ አንድ ጊዜ እችላለሁ፣ በየዓመቱ አልችልም። ኖራና ጭቃ በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል ይሉኛል። ብሎኬት ግን ተሠርቶ ያልቃል። ቅርስ መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ግን የሚኖርበት ሰው መታመም የለበትም። ይህንን ማንም እንዳይንቅብኝ።


አርክቴክቷ | ሚያዝያ 5

ወንድማችን ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ የሚናቅም አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ ሥራዬም አሮጌ ቤት ማደስ ነው። ሽንት ቤቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ሁለቱም ግንበኞች ያልጠየቁት ጥያቄ አለ። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ይህ ሳይታወቅ በብሎኬትም ብትሠሩት ብሎኬቱ ይርሳል። በኖራም ብትሠሩት ኖራው ይረግፋል።

ሦስት ቦታ ፈልጊ። አንደኛ ከላይ፦ ጣሪያው ያፈሳል? ቆርቆሮ ከሆነ አሸንዳ አለው? አሸንዳ ከሌለው ውሃው የሚወርደው ግድግዳው እግር ላይ ነው። ሁለተኛ ከታች፦ የውጭው መንገድ ከቤቱ ወለል ይበልጣል? በሜትር ለኪው፣ በዓይን አይሆንም። ሦስተኛ ከጎን፦ ከግድግዳው ጀርባ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የጎረቤት ጉድጓድ አለ?

ቀላል ሙከራም አለ። ግድግዳው ላይ ልስኑ ያልረገፈበት ቦታ ምረጪና አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እዪው። ውሃው ላስቲኩና ግድግዳው መሀል ካቆረ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ደግሞ የአየር መውጫ ማጣት ነው፤ ክርታት በመሰለች መስኮት አልባ ክፍል ይህ ያጋጥማል።

የፊት ግድግዳውን ስለማፍረስ ደግሞ እለምንሻለሁ፣ ቆይ በዪ። ጁገል ውስጥ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። አንዱን ስትነቅዪ የጎረቤት ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። ለኮንክሪት ቋሚ መሠረት ሲቆፈር ደግሞ ይብሳል። ብሎኬትና የድንጋይ ግድግዳ እንቅስቃሴያቸው አንድ ስላልሆነ መገናኛቸው ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ሕጉም አለ። ጁገል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፣ አይፈርስም። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ።


አርጎበሪ | ሚያዝያ 6

አቦ ይህን ክር ማን አመጣልኝ! እኔ ጁገል ተወልጄ ጁገል ነው የምኖረው፣ በኤረር በር በኩል።

አርክቴክቷ ስለ መንገዱ ያለችው የኛ ሰፈር ሕመም ነው። ልጅ ሆኜ ወደ ቤታችን የምንገባው በአንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተን ነበር። አሁን በሁለት ደረጃ እንወርዳለን። ቤቱ አልሰመጠም፤ መንገዱ ነው ያደገው። አፈር ተደለደለ፣ ቧንቧ ሲቀበር ተቆፍሮ ተሞላ፣ ከዚያ ድንጋይ ተነጠፈ። የቀድሞው ሳይነሣ በላዩ ላይ ተጨመረ። እንግዲህ ውሃው የት ይሂድ? ወደ ዝቅታው ነው የሚሄደው፤ ዝቅታው ደግሞ የኛ ግድር ጋር ነው።

ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። ድሮ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር። ግንድ ይደረደራል፣ በላዩ ጭራሮ፣ በላዩ አፈር ተጠቅጥቆ ይለሰናል። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ወንዶች ወጥተው ይጠቀጥቁታል፣ ስንጥቁን ይደፍኑታል። አሁን ብዙው ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮው ጥፋት የለበትም፣ ሸክም ቀንሷል። ግን ከግድግዳው እኩል ተቆርጦ ይቆማል፣ ክፈፍም አሸንዳም የለውም። ከበልግ እስከ ክረምት ግድግዳው ገላውን ይታጠባል።

ወንድማችን «በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል» ብሏል። አዎ ይፈልጋል። ግን ወጪው እሱ እንደሚያስበው አይደለም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ ሠርግ ሲኖር፣ ውጭው ኖራ ይቀባ ነበር። ውስጡን እናቶቻችን ቀይ አፈሩን በጥብጠው ነደባውን ያድሱታል። አፎቻው፣ የሠርግና የሐዘን መረዳጃ ማኅበራችን፣ ሲመጣ ቤቱ ተቀብቶ ይጠብቃል። የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነበር። ሲሚንቶ የመጣው ይህንን ያስቀራል ተብሎ ነው። አሁን በየቤቱ የምናየው የጌይ ልጅ ያየችውን ነው።


የጌይ ልጅ | ሚያዝያ 6

አርጎበሪ አለቅሳለሁ ወንድሜ። አያቴ በጥብጣ ስትቀባ የነበረው ሽታ መጣብኝ።

አርክቴክቷ፣ ለበዓል ወደ ሐረር እሄዳለሁ፤ ለክቼ እመለሳለሁ።


የአራዳ ልጅ | ሚያዝያ 8

እኔ የምነግራችሁ ከሌላ ከተማ ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ ፒያሳ፣ በቀበሌ ቤት ነው። የጭቃ ቤት። ጥድ ቋሚ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ፣ ከፊቱ በረንዳ ከነጥልፍ ጣውላው። የሠራው ሰው እጅ ይባረክ፣ ያማረ ቤት ነበር። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የማንም አልሆነም። ኪራዩ የዳቦ ዋጋ አይሞላም፣ ስለዚህ አከራዩ አይጠግንም። ተከራይ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ቢያፈስ ነገ የት ይደርሳል? እናቴ ጣሪያው ሲያፈስ ለማስጠገን ደብዳቤ ይዛ ስትመላለስ አንድ ክረምት አለቀ። ቤቱ ውስጥ ውስጡን ምስጥ በላው። በመጨረሻ «ያረጀ ነው» ተብሎ ፈረሰ።

ቤቱ አርጅቶ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አሸንዳ ስላልቀየረለት ነው። ይህን የምጽፈው የጌይ ልጅ ያላችሁ ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንድታውቁት ነው። ቤቱ የእናንተ ነው። ልትጠግኑት ትችላላችሁ። እኛ ያጣነው ይህንን ነው።

አንድ ምክርም አለኝ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን አስፈትሹ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ2007 ጥር ላይ ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ። አሮጌ ጣውላ እሳት ሲነካው ጊዜ አይሰጥም።


ከጅዳ የተመለሰው | ሚያዝያ 9

ሰላም። ጅዳ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የኖርኩት አል-በለድ በሚባለው አሮጌው ከተማ ነው። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ አራት አምስት ፎቅ አላቸው። ፊታቸው ሮሻን በሚባል የእንጨት መስኮት የተሸፈነ ነው። ባለቤቶቹ ወደ አዲሱ ከተማ ወጥተው ለኛ ለስደተኞች ያከራዩት ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የኖርነው።

እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። በግድግዳው መሀል በየተወሰነ ርቀት ወፍራም እንጨት አግድም ተቀብሯል፤ ግንቡን እንደ መቀነት ይዞታል። ቧንቧ ለማስገባት ያንን እንጨት የቆረጡበት ቤት ሁሉ ተሰንጥቋል። በሲሚንቶ የተደፈነው ደግሞ እንደናንተ አብጦ ይረግፋል። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ብዙ እድሳት ተጀመረ። ግን የኛ ዓይነቱ ተከራይ ያን ጊዜ መውጣት ነበረበት። ቤቱ ዳነ፣ ነዋሪው ሄደ። እኔ በዚህ ደስ አይለኝም። ጁገልን ጁገል ያደረገው ዛሬም ሰው የሚኖርበት መሆኑ ነው። ወንድማችን ስለ አክስቱ የተናገረውን ለዚህ ነው የወደድኩት።


የጌይ ልጅ | ሚያዝያ 20

ለካሁ። ደንግጬአለሁ።

የውጭው መንገድ ከግድር ጋራችን ወለል 43 ሳንቲ ይበልጣል። ግድግዳው ያበጠው በትክክል በዚያ በኩል ነው። በጓሮው በኩል ደግሞ አክስቴ ልብስ የምታጥብበት ቦታ አለ። ውሃው የሚደፋው ክርታቷ ግድግዳ ሥር ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ! ቆርቆሮው አሸንዳ የለውም። ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ዘነበና ቆሜ አየሁት። እንደ መጋረጃ ነው የሚወርደው።

ላስቲኩን ሁለት ቦታ አሸግኩ። በመንገዱ በኩል ያለው ከጀርባው ውሃ አቆረ። ክርታት ውስጥ ያለው ግን በሁለቱም በኩል ረጠበ።

ሽማግሌውን ግንበኛ ሄጄ አገኘኋቸው። ይህንን ስነግራቸው ፈገግ አሉና «አሁን ገና ቤቱን አየሽው» አሉኝ።


አርክቴክቷ | ሚያዝያ 20

ጎበዝ! አሁን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ዘንድሮ ግድግዳውን አትንኩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ውሃውን ብቻ አስቁሙ።

አሸንዳ ይግባ፣ መውረጃው ከግድግዳው ይራቅ። የልብስ ማጠቢያው ቦታ ይቀየርና ውሃው በቱቦ ይሂድ። በመንገዱ በኩል መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ እሱን አመልክቱ። እስከዚያው በግቢያችሁ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ ጠባብ ቦይ ቆፍሩ፣ ከወለሉ ዝቅ ያለ፣ ተዳፋት ያለው። ድንጋይ ሙሉበት። ግን ከመሠረቱ በታች እንዳትወርዱ፣ በአንድ ጊዜም ረጅም አትቆፍሩ።

ሲሚንቶው ከክረምት በኋላ ይነሣል፣ በጋውን ሙሉ ግድግዳው ይደርቃል። ከዚያ ነው ልስን።

ወንድማችን፣ አሁን ወደ ሽንት ቤቱ። አክስታችሁ በዝናብ መውጣት የለባትም። ግን ሽንት ቤቱን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አታጣብቁት። በግቢው ጥግ ትንሽ ክፍል ሥሩ። ከዋናው በር እስከዚያ በተሸፈነ በረንዳ አገናኙት። ያች ክፍል በብሎኬት ብትሠራ ምንም አይደለም፤ ሴራሚክም ይግባላት። የውሃ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ አይቀበር። በላዩ ይታይ። ሲያፈስ ወዲያው ታዩታላችሁ፣ ግድግዳውም አይቦረቦርም። ሐረሮች ከ1879 በኋላ ሕንዶች ነጋዴዎች ይዘውት የመጡትን ባለ በረንዳ ቤት ከጌ ጋር ጋር አዋህደው ሦስተኛ ዓይነት ቤት ፈጥረዋል። ጌ ጋር አዲስ ነገር ሲጨመርበት የመጀመሪያው አይደለም። እንዴት እንደሚጨመር ማወቅ ነው።


የቶሮንቶው ወንድም | ሚያዝያ 21

በረንዳውን ከነሥዕሉ ላኪልኝ። ሥዕሉን ካየሁ እስማማለሁ።

ወጪውንም አስላሁት። የፊት ግድግዳውን ማፍረስና መሥራት ከጠቅላላው ገንዘባችን ከግማሽ በላይ ይወስድ ነበር። በዚያ ገንዘብ ሽንት ቤቱም፣ አሸንዳውም፣ ልስኑም ይሠራል። ይህንን ማንም ቀድሞ ቁጭ ብሎ አልነገረኝም። አመሰግናለሁ።


ጀማሪ ለሳኝ | መስከረም 18

ክሩን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ድሬዳዋ ነኝ፣ ልስን እሠራለሁ። በኖራ ግን ሠርቼ አላውቅም፤ የተማርነው በሲሚንቶ ብቻ ነው። ጋሼ ግንበኛ፣ አሠራሩን ቢነግሩን?


ግንበኛ ዘጎንደር | መስከረም 18

እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ይብዛልኝ።

በመጀመሪያ ዓይንህን። ከእቶን የወጣ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል። ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳታደርግ አትቅረበው። ምንጊዜም ኖራውን ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃውን ኖራው ላይ አትድፋ።

በርሜል ውስጥ አጥፍተህ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ፈልቶ እስኪያበቃ ጠብቀህ፣ ውሃ እንዳይለየው አድርገህ አስቀምጠው። ወር ቢቆይ ጥሩ ነው። ሦስት ወር ቢቆይ ይበልጣል። እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። የሚቸኩል ሰው በኖራ አይሠራም።

ግድግዳው ላይ ስትመጣ ሲሚንቶውን ቀስ ብለህ አንሣ። የላላውን ድንጋይ በጭቃ መልሰህ አጽናው። ጭቃው ከጭድ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት የቦካ ይሁን። ጎድጓዳውን በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ ሙላው፣ ልስን አብዝተህ አትሙላው። ሲደርቅ ግድግዳውን በውሃ አርጥበው፤ ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ ይመጥበታል። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ። ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ አይብለጥ። ሁለት ጊዜ በስሱ መለሰን አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመለሰን ይሻላል።

ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ስቀልበት። አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ እርጨው። ኖራ በውሃ መድረቅ ብቻ አይጠነክርም፤ ከአየሩ ጋር ሆኖ ነው ቀስ ብሎ ድንጋይ የሚሆነው። በላዩ ቀጭን የኖራ ቀለም አራት አምስት ጊዜ። ፕላስቲክ ቀለም ከቀባህበት ግን ሥራህን ሁሉ መልሰህ አፈንከው።

መጀመሪያ ሰው የማያይበት ግድግዳ ላይ ተለማመድ። የኔ የመጀመሪያው ልስን እንዳለ ወርዶ እግሬ ላይ ነው የተከመረው።


አርጎበሪ | መስከረም 19

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ድሬ ያለኸው ልጅ፣ ሐረር ብቅ ካልክ ሽማግሌው ግንበኛ ጋ እወስድሃለሁ። አሁን ረዳት የላቸውም። በጉርምስናቸው ብዙ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው የሚያውቀውን የሚቀበላቸው የለም። ይህ ከግድግዳው በላይ ያስፈራኛል። 82 መስጊድ ያለበት ከተማ ነው፣ አብዛኛው ግንብ የቆመው እንደዚህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው።


ጀማሪ ለሳኝ | መስከረም 19

እመጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ።


የጌይ ልጅ | የካቲት 2

ብዙ ጊዜ ጠፋሁ። ልንገራችሁ።

አሸንዳውና ቦዩ ሰኔ ላይ ተሠራ። ክረምቱን በጭንቀት ነው የጠበቅኩት። ነሐሴ ላይ አክስቴ ደወለችና «ክርታቷ ሽታዋ ቀነሰ» አለችኝ። ግድግዳው ገና ሳይነካ! የውሃው ነገር ብቻ።

ፈቃዱ ጊዜ ወሰደ፣ ግን ተገኘ። ሲሚንቶውን ማንሣት የጀመርነው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ጋሼ ግንበኛ ዘጎንደር ያሉት ደረሰ። በመንገዱ በኩል አንድ ቦታ ሲነሣ ከጀርባው ጭቃው እንደ ገንፎ ነበር። ሽማግሌው ግንበኛ ሁሉንም አስቁመው እንጨት ደገፉና በአራት ቀን መልሰው ገነቡት። ያ በብሎኬት እንሥራው ያለው ሰው ግድግዳውን አፍርሶ ቢሆን ኖሮ የጎረቤቶቻችን ግድግዳ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ድንጋዮቹ ተጠላልፈው የተሠሩ ናቸው።

የድሬው ልጅ ስድስት ቅዳሜ መጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ አያናግሩትም ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የልስን ማንኪያውን ከእጁ ተቀብለው አያያዙን አሳዩት። አሁን «ልጄ» ነው የሚሉት።

ከሲሚንቶው ጀርባ ያላሰብነው ነገር ወጣ። ግድር ጋሩ ውስጥ ሁለት ጣቄቶች ተደፍነው ነበር። ልስኑ ሲነሣ ቅርጻቸው ታየ። አክስቴ ስታያቸው ዝም ብላ ቆመች። አንደኛው እናቷ የቡና ስኒዎቿን የምታስቀምጥበት ነበር አለችኝ።

ውስጡ ተለስኗል፣ ደርቋል። ከታች ያለው ትንሽ ገና ጨው ያወጣል፤ አርክቴክቷ በደረቅ ብሩሽ እየጠረጋችሁ ታገሱት ብላናለች። ሽንት ቤቱና በረንዳው አልቀዋል። ወንድሜ ፎቶውን ለቶሮንቶ ዘመዶቻችን ሁሉ ልኮታል።

የቀረን ነደባው ነው። የአሚር ነደባው ጠርዝ ተጠግኗል፣ ግን ገና ግራጫ ነው። አክስቴ ረመዳን ሳይገባ በቀይ አፈር ልትቀባው ትፈልጋለች። ደህናውን አፈር የት ነው የማገኘው? ሱቅ ውስጥ ያለው ዱቄት ቀለም ነው፤ አልወደደችውም።


አርጎበሪ | የካቲት 2

የሱቁን ተይው። እኔ ጋ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አለ፣ እናቴ ያስቆፈረችው ነው። አንዱን ውሰጂ። አክስትሽ ብቻዋን እንዳትጀምር፤ እናቴና የአፎቻዋ ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን ብለዋል። ባልዲ ብቻ አዘጋጁ።